ድንጋይ የሚቆነጥጥ ጎማ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ሪሞት መኪናዎች የሚደርሱን ደብዳቤዎች ሰሞኑን ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፤ እሱም የክራውለር ጎማ ነው። ለነገሩ እንግዳ የሆኑ አንባቢያን እንዳይቸገሩ ያህል፣ ክራውለር የሚባለው ለሩጫ ሳይሆን በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ አንዳንዴም ከዚያ በዘገየ አካሄድ፣ ቋጥኝ ለቋጥኝ እየተንፏቀቀ እንዲወጣ የተሠራ፣ አራቱም እግሮቹ የሚነዱ የሪሞት መኪና ነው። በዩታ ሞአብና በካሊፎርኒያው ሩቢኮን መንገድ በእውነተኛ ጂፖች የሚደረገውን ድንጋይ መውጣት በትንሹ የሚደግም ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። በብዛት የሚታየው የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህለው ሲሆን፣ ቸርኬው 1.9 ኢንች፣ ጎማው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ከ100 እስከ 120 ሚሊሜትር ይሆናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

«ለ13 ዓመት ልጄ ለገና ክራውለር ገዛሁለት። ጋራዥ ውስጥ በደረደርነው እንጨትና ጡብ ላይ እንደ ፍየል ይወጣል። ከጎልደን ከተማ በላይ ወዳሉት ድንጋዮች ይዘነው ስንሄድ ግን ጎማው ይሽከረከራል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም። በብርዱ ወራት ደግሞ ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል። የሚያለሰልስ ነገር ልቀባው ወይስ ሌላ ጎማ ልግዛ?»

ምንም ከመቀባትዎና ምንም ከመግዛትዎ በፊት ጎማዎቹን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በብሩሽ እየፈተጉ ይጠቡ። ይህን ስል የቀለድኩ እንዳይመስልዎ። ጎማ በፋብሪካ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ ሲባል የሚቀባ ነገር አለ፤ ከዚያ የተረፈው ስስ ሽፋን በአዲሱ ጎማ ገጽ ላይ ይቀራል፤ እሱ እስኪለቅ ድረስም ጎማው ቢለሰልስም ባይለሰልስም ይንሸራተታል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ቁጥር 80 ወይም 120 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ጥርሶቹን አንጸባራቂነታቸው ጠፍቶ ደብዘዝ እስኪሉ ድረስ በስሱ ይሹ። ብዙ ሰው አዲስ ጎማ «ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ተሻለው» የሚለው ድንጋዩ ራሱ ይህንኑ ሥራ ስለሠራለት ነው።

ቀጥሎ ጎማ ድንጋይን የሚይዘው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሚመጡት መልሶች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ጎማ በሁለት መንገድ ይይዛል። አንደኛው መጣበቅ ነው፤ ንጹሕ ጎማ ንጹሕ ድንጋይን በቅርብ ሲነካ በሁለቱ መካከል ደካማ የሆነ መሳሳብ ይፈጠራል፤ የሚነካካው ስፋት በበዛ ቁጥርም መሳሳቡ ይበዛል። ሁለተኛው ደግሞ መስመጥ ነው፤ ጎማው በክብደት ሲጫን በድንጋዩ ጥቃቅን ጉድጓዶችና እብጠቶች ላይ ይቀረጻል፤ ለመንሸራተት ሲሞክርም ከእያንዳንዱ እብጠት ላይ መላቀቅና እንደገና መቀረጽ ስላለበት ይጎተታል። ልስላሴ ለሁለቱም ይረዳል። አቧራ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይገድላል፤ በጎማውና በድንጋዩ መካከል እንደ ተበተነ ጤፍ ገብቶ ያንከባልላልና። ስለዚህ ወደ ድንጋዩ ሲሄዱ ውሃ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስና አንድ ብሩሽ በቦርሳ ውስጥ ቢይዙ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጎማውን ማጽዳት ብቻ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያያሉ። በነገራችን ላይ የሞአብ ሰዎች ዝነኛውን የአሸዋ ድንጋያቸውን «የሚያንሸራትት ድንጋይ» ብለው የጠሩት የቀደሙት ሰፋሪዎች ፈረሶች የብረት ጫማ ስለሚያንሸራትታቸው ነበር፤ ለጎማ ግን ከዚያ የተሻለ የሚይዝ ድንጋይ ማግኘት ያስቸግራል። ከብረት ወደ ጎማ ሲኬድ ያው ድንጋይ ጠባዩ ተለወጠ ማለት ነው።

የብርዱ ነገር የተለየ ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች እንቅስቃሴያቸው ስለሚያንስ ይደድራል። የሩጫ መኪና ጎማ በፍትጊያ ራሱን ያሞቃል፤ ክራውለር ግን በዝግታ ስለሚሄድ የአየሩን ብርድ እንዳለ ይለብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መኪናውን በጉዞ ላይ በሻንጣ ማስቀመጫው ሳይሆን ማሞቂያ ባለበት ከእናንተው ጋር ያስቀምጡት፤ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱም እስኪጀምሩ ድረስ ከቦርሳ አያውጡት። የሚያገኙት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለአንድ ልጅ ግን ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልበቃዎ ያን ጊዜ ለስላሳ ጎማ ይግዙ። የጎማ ልስላሴ የሚለካው «ሾር ኤ» በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው መሣሪያውን በ1920ዎቹ ካስተዋወቀው ከአልበርት ሾር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ደደረ ማለት ነው፤ የመኪና ጎማ ጥርስ ከ60 እስከ 70 ሲደርስ የተማሪ ላጲስ 40 አካባቢ ነው፤ ለድንጋይ የሚመረጠው የክራውለር ጎማም ወደ ላጲሱ የቀረበው ነው። አምራቾች ግን ቁጥሩን ከመጻፍ ይልቅ ለየቅመማቸው ስም ያወጣሉ። ለምሳሌ ፕሮ-ላይን ለድንጋይ የሚሆነውን ቅመሙን «ጂ8»፣ ከዚያ ይበልጥ ለስላሳ የሆነውን ደግሞ «ፕሬዴተር» ይለዋል። ለልጅዎ የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ እጅግ ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፤ አስፋልት ላይ የሚነዳ ልጅ እጅ ከገባማ አንድ ወቅት አይቆይም።

ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

«በእረፍት ቀኔ ከከተማው ውጭ ባለው የአሸዋ ድንጋይ ላይ ክራውለር እነዳለሁ። እጅግ ለስላሳ የተባለውን ጎማ አስገባሁ። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ግሩም ነው፤ በተዳፋት ላይ በጎን ሲሄድ ግን የታችኛው ጎማ ከሥሩ ይታጠፍና መኪናው ይገለበጣል። ለስላሳ መግዛቴ ስህተት ነበር? አንዳንዶች ደግሞ ቸርኬው ላይ ክብደት ጨምር ይሉኛል።»

ስህተቱ ከጎማው ሳይሆን በጎማው ውስጥ ካለው ስፖንጅ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ እውነተኛው መኪና ልመለስ። ድንጋይ የሚወጣ ሰው ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ጎማውን ያስተነፍሳል፤ በአስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ገደማ የነበረውን ግፊት ወደ 15፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ያወርደዋል፤ ጎማው ተዘርግቶ ድንጋዩን እንዲያቅፍ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ «አስተካክልልኝ» እንደማለት ያለ ነገር በክራውለር የለም፤ ጎማው አየር አይታጨቅበትምና። የአየሩን ሥራ የሚሠራው ስፖንጁ ነው። ስለዚህ ስለ ልስላሴ የምናወራ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ከጠቅላላው ጉዳይ ግማሹን የሚወስነው ማንም የማያየው ይህ ስፖንጅ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለስላሳ ጎማ የገዛ ሰው ከፋብሪካ የመጣውን ደረቅ ስፖንጅ መልሶ ሲከትበት ማየት ያሳዝነኛል።

ስፖንጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አየርና ውሃ የሚያሳልፍ ነው፤ እሱ ልል ነው፤ ሲጫን በቀላሉ ይጨመቃል። ሁለተኛው እንደ ስፖርት ምንጣፍ ጥቃቅን የተዘጉ አረፋዎች ያሉት ነው፤ ይህ ውሃ አይጠጣም፤ ሲጫንም ይመልሳል። የእርስዎ መኪና ላይ ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል፤ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ጎማው ተንጣሎ ይይዛል፤ በጎን ሲሄድ ግን አብዛኛው የመኪናው ክብደት በሁለቱ የታችኛ ጎማዎች ዳር ላይ ስለሚያርፍ ስፖንጁ መቋቋም ያቅተዋል። ለእንዲህ ያለ ችግር የሚሸጥ ባለ ሁለት ንብርብር ስፖንጅ አለ፤ ወደ ቸርኬው ያለው ውስጠኛ ቀለበት ጠንካራ፣ ወደ ጥርሱ ያለው ውጫዊ ቀለበት ልል ነው። ጎማው የመጀመሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር በቀላሉ ይሰጥና ከዚያ በኋላ ይቆማል። ከጎማዎ ውጫዊ ስፋት ጋር የሚስማማውን መጠን መምረጥ አይርሱ፤ ከመጠኑ የበለጠ ስፖንጅ ጎማውን ወጥሮ እንደ ድንጋይ ያደርገዋል።

ተቃራኒው ችግር ያለባቸው፣ ማለትም ስፖንጃቸው የደደረባቸው አንባቢያን ደግሞ መቀስ ይዘው ሊያለዝቡት ይችላሉ። ስፖንጁን አውጥቶ ከውጭ በኩል፣ እኩል በተራራቁ ከስድስት እስከ ስምንት ቦታዎች ላይ፣ ሦስት ማዕዘን የሆኑ ቁራጮችን ማንሳት የተለመደ ነው፤ ሲያልቅ ኮከብ ይመስላል። በአንድ ጊዜ ብዙ አትቁረጡ። ጥቂት ቆርጦ፣ ገጥሞ፣ መኪናውን መሬት ላይ አቁሞ ማየት ይሻላል፤ በራሱ ክብደት ሲቆም የጎማው ጎን ጥቂት ከታች አበጥ ብሎ ከታየ፣ በጣት ሲጫንም ቸርኬውን ሳይነካ ከተመለሰ በቂ ነው።

አየሩም መውጫ ያስፈልገዋል። በቸርኬው ላይ ወይም በጎማው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ከሌለ፣ ታፍኖ የቀረው አየር ጎማውን እንደ ፊኛ ያነጥረዋል፤ ስፖንጁን ምንም ቢያሳምሩት አይሠራም። አንዳንድ ቸርኬዎች ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ካልመጡ በትራፓኖ መብሳት ነው።

ስለ ክብደቱ የሰሙት እውነት ነው፤ ጎማውን ግን አያለሰልሰውም፤ ድንጋዩ ላይ አጥብቆ ይጫነዋል እንጂ። ቸርኬ ውስጥ የሚገባ የነሐስ ቀለበት ከሞላው በታች ስለሚያርፍ መኪናውን ከላይ ሳያከብደው ከታች ያከብደዋል፤ ያ ደግሞ ለእርስዎ መገልበጥም መድኃኒት ነው። ለፊት እግሮች በያንዳንዳቸው ከ50 እስከ 100 ግራም ጨምረው ይሞክሩ፤ ከኋላ ጥቂት ወይም ምንም። ከጠቅላላው ክብደት ስልሳ በመቶ ገደማው ፊት ላይ ሲያርፍ መኪናው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አፍንጫውን አያነሳም። ነሐስ ከተወደደብዎ የጎሚስታ ሚዛን ማስተካከያ እርሳስም ያገለግላል፤ ግን እርሳስ መርዛም ስለሆነ እጅዎን ይታጠቡ፤ ልጆች እንዲነካኩትም አይፍቀዱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«ሦስት ጓደኞቼ ሦስት ምክር ሰጡኝ። አንዱ ጎማውን በቤንዚን፣ አንዱ በፍሬን ዘይት፣ ሦስተኛው በዊንተርግሪን ዘይት ዘፍዝፈው አሉኝ። የትኛው ይሻላል?»

ሦስቱንም ባይሞክሩ ይሻላል። ግን «አይሆንም» ብሎ ማለፍ አንባቢን መናቅ ስለሚሆን ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርዎ።

ከዛፍ የተቀዳ ጎማ በተፈጥሮው በሙቀት የሚቀልጥ፣ በብርድ የሚሰባበር ነገር ነበር። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ሲያሞቀው ይህ ጠባዩ እንደሚጠፋ አገኘ፤ በ1844 ደግሞ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ድኙ የሚያደርገው ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪውሎች እዚህም እዚያም እርስ በርሳቸው ማሰር ነው፤ እርስ በርሳቸው ይንሸራተቱ የነበሩት ክሮች መረብ ይሆናሉ። መረቡ የላላ ከሆነ ጎማው ለስላሳ፣ የጠበቀ ከሆነ ደረቅ ይሆናል። በዚያ ላይ ፋብሪካው ለጥንካሬ ጥላሸት፣ ለልስላሴ ደግሞ ዘይት ይጨምርበታል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ አንድ ፈሳሽ ውስጥ ጎማ ስንዘፈዝፍ ከእነዚህ እስሮች አንዱንም አንፈታም። መረቡ እንዳለ ይቆያል፤ ፈሳሹ በክሮቹ መካከል ገብቶ ያሳብጠዋል እንጂ። ያበጠ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ልስላሴው ግን የብድር ነው።

ቤንዚን፣ ላምባ፣ ቲነርና የመሳሰሉት ጎማን በኃይል ያሳብጣሉ። ችግሩ የሚመጣው ሲተኑ ነው። ወደ ጎማው ሲገቡ ፋብሪካው የጨመረውን ዘይትና ጎማውን ከእርጅና የሚጠብቀውን ቅመም አሟሙተው ያወጣሉ፤ ጎማው ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መጠኑ ቢመለስም ያ ዘይት አብሮት አይመለስም። ውጤቱ ከመጀመሪያው የደደረ ጎማ ነው። ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያ መኪናዬን ጎማዎች አንድ ሌሊት ላምባ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው እጅግ ለስላሳ ነበሩ፤ ነገር ግን ከቸርኬው በልጠው ስለነበር ከንፈራቸው አልገጥም አለ። ደርቀው እስኪሟሽሹ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ከገጠምኳቸው በኋላ ሁለት ጊዜ ነዳሁባቸው፤ በሦስተኛው ጊዜ ጥርሶቹ ከሥራቸው መሰንጠቅ ጀመሩ። ጋራዡም ለብዙ ቀን ላምባ ላምባ ሸተተ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

የማይተኑ ዘይቶች፣ ለምሳሌ የሞተር ዘይት፣ ቢገቡ ልስላሴው ይቆያል፤ ግን ጎማው ደካማ ይሆናል፤ ያበጠ ስለሆነ ከቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ዘይቱም ቀስ በቀስ ወደ ገጽ እየወጣ ድንጋዩን ያሙለጨልጫል። መኪናው እንዲይዝ ብለው ዘይት ይቀቡታል ማለት ነው።

የፍሬን ዘይቱ ነገር ደግሞ የሚያስቅ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት የፍሬን ዘይት የተቀመመው በፍሬን ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች እንዳያሳብጥና እንዳያበላሽ ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ጎማ ያለሰልስልኛል ብሎ መጠበቅ ለተቃራኒው ሥራ የተሠራን ነገር መለመን ነው። ቀለም ግን አሳምሮ ይልጣል፤ የመኪናዎ ቦዲ ላይ ቢንጠባጠብ ያዩታል።

የዊንተርግሪን ዘይት ከሦስቱ ጥቂት መሠረት ያለው ነው። ጠረኑን ለጡንቻ ሕመም ከሚቀባው ቅባት ያውቁታል፤ በውስጡ ያለው ሜቲል ሳሊሲሌት ጎማን በእርግጥ ያለዝባል፤ የደረቁ የማተሚያና የጽሕፈት መኪና ሮለሮችን ለማደስ የሚሠሩ ሰዎች ዛይሊን ከሚባል ማሟሟያ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙበታል። በምንጣፍ ሜዳ ላይ የሚሮጡ የሪሞት መኪና ተወዳዳሪዎችም ተመሳሳይ ቅባቶችን ከውድድሩ በፊት ጎማቸው ላይ ቀብተው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይጠርጉታል፤ ብዙ ሜዳዎች ግን ስለሚሸቱ ጠረን ያላቸውን ቅባቶች ከልክለዋል። የእነሱ ሜዳ የተጠረገና አቧራ የሌለበት መሆኑን አስተውሉ። ክራውለር የሚሄደው በአፈር፣ በቅጠልና በአሸዋ መካከል ነው፤ የተቀባ ተለጣፊ ጎማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜትሮች እንደ ሙጫ ይይዝና ከዚያ በኋላ ዱቄት ላይ የተንከባለለ ሊጥ ይመስላል። ለድንጋይ አይረባም የምለው በዚህ ነው።

አደጋውን ደግሞ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። ንጹሕ የዊንተርግሪን ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል፤ ጠረኑ ደግሞ ማስቲካ ማስቲካ ስለሚል ልጅን ይስባል። የቤንዚንና የዛይሊን ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይንሳፈፋል፤ በእናንተ አገር ብዙ ቤት ጋራዥ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ፤ እሳቱም ከወለሉ ብዙም አይርቅም። ለአራት ትንንሽ ጎማዎች ቤት ማቃጠል ማለት ምን እንደሆነ ራስዎ ይመዝኑት።

ይህን ሁሉ አንብበው አሁንም እጅዎ ከበላዎት፣ ለሪሞት መኪና ጎማ ተብሎ የተሠራና ጠረን የሌለው ቅባት ይግዙ፤ መዘፍዘፍ ሳይሆን በብሩሽ ብቻ፣ ጥርሱ ላይ ብቻ ይቀቡ፤ ጓንት ያድርጉ፤ በመጀመሪያ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ሞክረው አንድ ሳምንት ይጠብቁ።

ከአዲስ አበባ

«ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ ክራውለር አመጣልኝ። መኪናው ይሠራል፤ ጎማዎቹ ግን ለዓመታት ስለተቀመጡ ደርቀዋል፤ ጎናቸው ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ ከቸርኬው ጋርም በማጣበቂያ ተጣብቀዋል። ሌላ ጎማ እዚህ አላገኘሁም። ይተርፋሉ?»

ስንጥቆቹ ጎማው በተወጠረበት ቦታ ላይ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የበላቸው ናቸው፤ እነሱ አይድኑም። የድርቀቱ ግን ተስፋ አለው። ጎማ ሲያረጅ ኦክስጅን ከገጹ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ተጨማሪ እስሮችን ይፈጥራል፤ መረቡ ይጠብቃል፤ በመጀመሪያ የሚደድረውም የላይኛው ቆዳ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትቀባ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ጥርሶቹን አንድ ሚሊሜትር እንኳ እስኪጎድሉ ድረስ ሸርሽራቸው። ከሥር የሚወጣው ጠቆር ያለና በጥፍር ስትጫነው የሚሰጥ ከሆነ ጎማህ ገና አልሞተም። ግራጫ ሆኖ በጥፍር የማይጫን ከሆነ ግን ለመለማመጃ ትተኸው አጎትህ በሚቀጥለው ጉዞው እንዲያስብልህ ጠይቀው፤ ጎማ ቀላል ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ክብደት አይቆጥርም።

ስፖንጁን ለማየት ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ አለብህ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቀው በሱፐር ግሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ይለቃል። ቸርኬውን ከነጎማው ፈልቶ እየተንተከተከ ባለ ውሃ ውስጥ አስገብተህ ቀቅለው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ከሚሉት ጊዜ ረዘም አድርገህ፣ ግማሽ ሰዓትም አልፎ፣ ታገሥ። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ይዘህ፣ ጫፉ ባልተሳለ ካቻቢቴ ከንፈሩን ከዳር እየፈለፈልክ አላቅቀው፤ ካልለቀቀ መልሰህ ቀቅለው እንጂ አትጎትተው። ለወጥ የሚሆን ድስት አትጠቀም። አሴቶን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ማጣበቂያውን ያሟሟል፤ ነገር ግን ቸርኬው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ካላወቅህ አትድፈር፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

በጎማው ላይ የአየር ቀዳዳ ለማውጣት ምስማር አግለህ መብሳት አያስፈልግም፤ ጢሱም አይጠቅምህም። ማንኛውም ጫማ ሰፊ ቀበቶ የሚበሳበት መሣሪያ አለው፤ ሁለት ቀዳዳ ትይዩ በሆኑ ቦታዎች ላይ እንዲያወጣልህ ጠይቀው። ስፖንጁ ዱቄት ሆኖ ካገኘኸውም የፍራሽ ስፖንጅ በልኩ ቆርጠህ መተካት ትችላለህ። የፍራሹ ልል ከሆነ ከውስጥ በኩል ጠንከር ካለ ስፖንጅ ስስ ቀለበት ቁረጥና አስገባ፤ ከላይ ለላስ ቬጋሱ አንባቢ የገለጽኩትን ባለ ሁለት ንብርብር በእጅህ ሠራኸው ማለት ነው።

ሌላው በነጻ የምታገኘው ልስላሴ ምላጭ ነው። አንድ ትልቅና ወፍራም ጥርስ በመሃሉ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ስንጥቅ ለሁለት ሲከፈል፣ ጎማው ራሱ ሳይለሰልስ ጥርሱ መተጣጠፍ ይጀምራል፤ ተጨማሪ ጠርዝም ያገኛል። ወደ ፊት ለመውጣት እንዲረዳህ ከጎማው ዙሪያ ጋር መስቀለኛ አድርገህ ቁረጥ፤ በጎን ተዳፋት ላይ እንዲይዝ ደግሞ በዳሩ ያሉትን ጥርሶች በዙሪያው አቅጣጫ ሰንጥቅ። ምላጩን ሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከርክ ብትቆርጥ አይያዝብህም። እስከ ሥሩ ድረስ አትዝለቅ፤ ጥርሱ ይገነጠላል። የደረቀ ጎማ ላይ ይህ ሥራ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ይታይሃል፤ በተለይም እንደ እንጦጦ ባለ ሸካራ ድንጋይ ላይ፣ የተሰነጠቁት ጠርዞች የሚነክሱት ነገር ስለማያጡ።

ከዱባይ

«በእረፍት ቀናችን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐታ ተራሮች እየሄድን ክራውለር እንነዳለን። ጎማዎቼ እንዳይደርቁና እንዲያምሩ ብዬ የመኪና ጎማ ማብሪያ ቀባኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ በረዶ ላይ ያለሁ ይመስል ይንሸራተታሉ። መኪናዋን የማስቀምጣት በረንዳ ላይ ነው።»

እኅቴ፣ የጎማ ማብሪያ በአብዛኛው ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን ደግሞ የሚያሙለጨልጭ ነገር ነው። የእውነተኛ መኪና ጎማ ላይ የሚቀባው ጎኑ ላይ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። በጨርቅ ላይ የመድኃኒት ቤት አልኮል አድርገሽ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጥረጊ፤ ጨርቁ ከእንግዲህ እስከማይቆሽሽ ድረስ ደጋግሚው፤ ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበሽ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሺው። ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ ሲሊኮን በቀላሉ አይለቅም።

ጎማዎችሽን የሚያደርቃቸው ግን በረንዳው ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና ኦዞን ሦስቱም እዚያ አሉ። ጎማዎቹን ፈትተሽ አየር በማያስገባ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸው። ብልጭታ ያለባቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኦዞን ስለሚያወጡ ከነሱም ይራቁ። መፍታቱ ከሰለቸሽ ቢያንስ ከመኪናዋ ሆድ ሥር እንጨት ወይም ወፍራም መጽሐፍ አግቢና ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ ይንጠልጠሉ፤ አለበለዚያ ስፖንጁ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ይቀርና መኪናዋ እያነከሰች ትሄዳለች። ከታጠቡ በኋላም የአየር ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርገሽ አንድ ቀን አሳድሪያቸው፤ ስፖንጁ የጠጣው ውሃ የሚወጣው በዚያ ብቻ ነው።